ነዳጁን የሚዘጋው እጅ

ሄሊኮፕተር ሞተሯ ሰማይ ላይ ከጠፋ እንደ ድንጋይ ትወርዳለች ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። አውሮፕላን ቢያንስ ክንፍ አለው፣ ትንሽ ይንሳፈፋል፤ ሄሊኮፕተር ግን ያለ ሞተር ምን አላት? ነገሩ ለጆሮ እውነት ይመስላል። ታሪኩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በተሽከርካሪ ክንፍ የመብረር ሙያ መጀመሪያ የተካነው መነሣትን ሳይሆን መውረድን ነው። በቅጡ የምትበር ሄሊኮፕተር ከመሠራቷ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ፣ ሞተሩ ቢጠፋም አብራሪውን ሳይጎዳ የሚያርፍ መሣሪያ ስፔን ውስጥ ተሠርቶ ነበር። ዛሬ በየማሠልጠኛው አሠልጣኙ በበረራ መካከል እጁን ሰዶ ነዳጁን የሚዘጋበት፣ የሠልጣኙም ልብ የሚዘልበት ልምምድ ሥሩ እዚያ ነው።

ሰውየው ኹዋን ዴ ላ ሲየርቫ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1895 በሙርሲያ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሱ ፖለቲከኛ ነበሩ፤ የልጁ ልብ ግን ገና በጉርምስናው ከጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን መሥራት ላይ ነበር። በ1919 የነደፈው ባለ ሦስት ሞተር ቦምብ ጣይ በሙከራ በረራ ላይ ሳለ፣ መሬት አጠገብ ሲዞር ፍጥነቱ ወረደ፤ ክንፉ አየሩን መያዝ አቃተውና ተከሰከሰ። ሲየርቫ ከዚያ ስብርባሪ አንድ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። አውሮፕላን የሚወድቀው ክንፉ ፍጥነት ሲያጣ ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ቢዘገይም ክንፉ የማይዘገይበትን መንገድ ለምን አይፈልግም?

መልሱን ልጆች ከደብተር ወረቀት ቆርጠው፣ በእሾህ እንጨት ላይ ሰክተው፣ እየሮጡ በሚያሽከረክሩት መጫወቻ ማሰብ ይቻላል። ወረቀቱን የሚያዞረው ነፋሱ እንጂ ሌላ ጉልበት አይደለም። ሲየርቫም ከአውሮፕላኑ አናት ላይ ከሞተሩ ጋር ያልተያያዙ ረጃጅም ክንፎች ተከለ። አፍንጫው ላይ ያለው ሞተር መሣሪያውን ወደፊት ይጎትታል፤ ከላይ ያሉትን ክንፎች ግን የሚያሽከረክራቸው የሚያልፈው አየር ብቻ ነው። ስሙን ኦቶጃይሮ አለው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አልሆኑለትም። እየተገለበጡ አስቸገሩት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መሣሪያው ወደፊት ሲሄድ በአንድ ጎን ያለው ክንፍ ወደ ነፋሱ ይገሰግሳል፣ በሌላው ጎን ያለው ከነፋሱ ይሸሻል። የሚገሰግሰው ብዙ ያነሣል፣ የሚሸሸው ጥቂት፤ መሣሪያውም ወደ አንድ ወገን ይጋደማል። ሲየርቫ ክንፎቹን ከሥራቸው በማጠፊያ አሰራቸው፤ እንደ በር ማጠፊያ ማለት ነው። የበዛለት ክንፍ ብቻውን ከፍ ይላል፣ ያነሰበት ዝቅ ይላል፣ መሣሪያው ግን ሚዛኑን ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ ሄሊኮፕተሮች የዚህን ማጠፊያ አሳብ በአንድ ወይም በሌላ መልክ ይዘውታል።

አራተኛው ኦቶጃይሮ በጥር 1923 ማድሪድ አጠገብ በረረ። ያበረረው አሌሃንድሮ ጎሜስ ስፔንሰር የሚባል የፈረሰኛ መኮንን ነው። ትልቁ ነገር የሆነው ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ኦቶጃይሮው ገና ተነሥቶ አሥር ሜትር ገደማ ከፍ እንዳለ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ እንደቀና፣ ሞተሩ ጠፋ። በዚያ ከፍታና በዚያ አኳኋን ላይ ያለ ተራ አውሮፕላን ዕጣው የታወቀ ነው። ኦቶጃይሮው ግን ክንፎቹ እየተሽከረከሩ ዝግ ብሎ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ። በተሽከርካሪ ክንፍ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከሚነሣ የሞተር ብልሽቶች ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ለሲየርቫም ከሺህ ቃል የበለጠ ማስረጃ ሆነለት።

በ1925 መሣሪያውን እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ ላይ አሳየ፤ በዓመቱም እዚያው ኩባንያ ተቋቋመ። በመስከረም 1928 ራሱ እያበረረ፣ አንድ ተሳፋሪ ይዞ፣ ከለንደን ተነሥቶ የእንግሊዝን ባሕር ሰርጥ አቋርጦ ፓሪስ ገባ። በ1932 ደግሞ ለንደን አጠገብ ሃንዎርዝ በሚባል ሜዳ የኦቶጃይሮ ማብረሪያ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚህ ትምህርት ቤት በሚበረው መሣሪያ ላይ ያሉትን ክንፎች አየር ላይ ሞተር ነድቷቸው አያውቅም፤ ስለዚህ ነፋስ በሚያሽከረክረው ክንፍ መውረድ ለተማሪዎቹ የአደጋ ጊዜ ዘዴ ሳይሆን የዕለት ሥራ ነበር። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ኋላ ሄሊኮፕተር ስትመጣ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣልና።

ሲየርቫ ያን አላየም። በታኅሣሥ 1936 ወደ አምስተርዳም የሚሄድ የመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ተሳፍሮ ክሮይደን ላይ በጭጋግ ሲነሡ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ፤ ዕድሜው 41 ነበር። የገደለው ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሸው የኖረው ቋሚ ክንፍ መሆኑ ሲነገር ይኖራል።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ጀርመን ውስጥ ኤቫልት ሮልፍስ የሚባል የሙከራ አብራሪ ፎከ-ቩልፍ 61 የተባለችውን ሄሊኮፕተር አብርሯል። ንድፉ የሄንሪኽ ፎከ ነው፤ ኩባንያቸው ቀደም ሲል የሲየርቫን ኦቶጃይሮ በፈቃድ ይሠራ ስለነበር ትምህርቱ ከምንጩ የተቀዳ ነው። ግንቦት 10 ቀን 1937 ሮልፍስ አየር ላይ እያለ ሞተሩን ዘጋ፤ በነፋስ ብቻ ክንፎቹን እያዞረ ወርዶ አረፈ። ሄሊኮፕተር ያለ ሞተር ማረፍ እንደምትችል ሰው ሆን ብሎ ሲያሳይ ይህ የመጀመሪያው ነው። በሚቀጥለው ወር ያችው ሄሊኮፕተር በከፍታና በቆይታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ዓለም ያወራው ስለዚያኛው ነው። ለሙያው ግን የግንቦቱ ቀን ይበልጣል።

ለምን እንደሚበልጥ ለማየት ወደ አሠራሩ ጠጋ ማለት ነው። ቢስክሌት የነዳ ሰው ቁልቁለት ላይ ፔዳል መምታቱን ቢተው ጎማው መዞሩን እንደማይተው ያውቃል። በሄሊኮፕተር ሞተርና በላይኛው ሮተር (በተሽከርካሪ ክንፎቹ) መካከልም እንዲሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ መያዣ አለ፤ ሞተሩ ሲሞት ሮተሩን ይዞት አይሞትም። የቀረው የአብራሪው እጅ ነው። በመቀመጫው ግራ በኩል ያለው ማንሻ ክንፎቹ አየሩን በምን ያህል ዘንበል እንደሚቆርጡት ይወስናል። ሞተሩ እንደጠፋ ይህ ማንሻ ሳይውል ሳያድር ወደ ታች መውረድ አለበት። ያን ጊዜ ክንፎቹ ይተኛሉ፣ ከታች ሽቅብ የሚመጣው አየር ያዞራቸዋል፣ ሄሊኮፕተሯም ኦቶጃይሮ ትሆናለች። አብራሪዎች ኦቶሮቴሽን የሚሉት ይህን ነው። ማንሻው ከዘገየ ሮተሩ ይደክማል፤ ከተወሰነ ልክ በታች የወረደ ሮተር ደግሞ አይመለስም።

መውረዱ ፈጣን ነው፤ በትንሿ ማሠልጠኛ ሄሊኮፕተር በደቂቃ ከ1,000 ጫማ በላይ ይወረዳል። መሬት ሲቀርብ አብራሪው አፍንጫዋን ከፍ አድርጎ ፍጥነቷን ይገድላል፤ በመጨረሻም ማንሻውን ይስባል። በሚሽከረከሩት ክንፎች ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት አንዴ ተመዝዞ የሚያልቅ ነው። ቀድሞ የሳበ ከፍታ ላይ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ዘግይቶ የሳበ መሬት ይቀድመዋል።

የሰው ደመ ነፍስ ደግሞ የሚያዝዘው ተቃራኒውን ነው። የሚወድቅ ሰው ሽቅብ ይስባል እንጂ ቁልቁል አይገፋም። ነገሩ በቃል ተነግሮ የሚገባ፣ በእጅ ግን የማይገባ የሆነው ስለዚህ ነው። አሠልጣኞች መፍትሔ ብለው የያዙት አንድ ነበር፤ ሠልጣኙ ባልጠበቀበት ሰዓት ነዳጁን መዝጋት።

ይህ ልማድ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር ነው። የኢጎር ሲኮርስኪ አር-4 በጥር 1942 ከበረረች በኋላ የአሜሪካ ጦር በብዛት አዘዘ፤ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው በብሩክሊኑ ፍሎይድ ቤኔት ሜዳ ማሠልጠኛ አቋቁሞ የራሱን ብቻ ሳይሆን የእንግሊዝንም አብራሪዎች አስተማረ። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ መጋቢት 8 ቀን 1946፣ ቤል 47 በዓለም የመጀመሪያውን የሲቪል ሄሊኮፕተር ፈቃድ አገኘች። ከዚያ ወዲህ አንዲት ባለ አንድ ሞተር ሄሊኮፕተር ለገበያ ከመቅረቧ በፊት የሙከራ አብራሪዎች በተለያየ ከፍታና ፍጥነት ላይ ሞተሯን እየቀነሱ፣ ከየት ላይ ሆኖ በደህና ማረፍ እንደሚቻልና ከየት እንደማይቻል የሚያሳይ ሥዕል ያዘጋጃሉ። ከመሬት ብዙም ሳይርቅ፣ ፍጥነት ሳይኖር ማንዣበብ ከሥዕሉ ክፉ ክፍል ውስጥ ይወድቃል። አብራሪዎች መስመሩን የሟች ሰው ኩርባ ይሉታል፤ ቀልድም ፍርሃትም አለበት።

ልምምዱ እንደ ፋብሪካ ሥራ የሆነበት ቦታ ግን ቴክሳስ ነው። ሚነራል ዌልስ ከተማ አጠገብ ያለው ፎርት ዎልተርስ ከ1956 እስከ 1973 የአሜሪካ ጦር የመጀመሪያ ደረጃ የሄሊኮፕተር ትምህርት ቤት ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት 40,000 ያህል ሰው በዚያ አልፏል፤ አብዛኛው መድረሻው ቬትናም ነው። ከማሠልጠኛዎቹ አንዷ ሂዩዝ ቲኤች-55 ትባላለች፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚቀመጥባት ሚጢጢ ነገር ናት። ሠልጣኞቹ የአሻንጉሊት አምራቹን የማቴልን ስም ከጀርመኑ ተዋጊ አውሮፕላን ከሜሰርሽሚት ጋር አጋብተው ስም አወጡላት። ነዳጅ መስጫዋ እንደ ሞተር ቢስክሌት እጀታ ማንሻው ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ ነው፤ በአሠልጣኙም በኩል ያለው ማንሻ እንዲሁ። ወሬ መሐል፣ መታጠፊያ ላይ፣ ሠልጣኙ አካባቢውን በሚያደንቅበት ሰዓት፣ የአሠልጣኙ አንጓ ዞር ትላለች። የሞተሩ ድምፅ ይሞታል። በዚያች ቅጽበት የሠልጣኙ ግራ እጅ ወርዶ መገኘት አለበት፤ ዓይኑም የሚያርፍበትን ሜዳ መርጦ መሆን አለበት።

በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎችና ጠባብ ሜዳዎች ላይ ቀለም የተቀቡ ጎማዎች ተቀምጠው ነበር። ነጭ ጎማ ያለበት ቦታ ሠልጣኙ ብቻውን ሊያርፍበት ይችላል፤ ቀይ ያለበት ከአሠልጣኝ ጋር ካልሆነ አይሞከርም። የልምምድ ሜዳዎቹ አንዳንዶቹ እንደ ዳ ናንግ ያሉ የቬትናም ስሞች ተሰጥተዋቸው ነበር። ቴክሳስ ላይ ዳ ናንግ አርፎ ምሳውን የበላ ሠልጣኝ ከወራት በኋላ እውነተኛውን ዳ ናንግ ያየዋል ማለት ነው። በዚያ ጦርነት አሜሪካ ከ5,000 በላይ ሄሊኮፕተር አጥታለች፤ ሞተር በጥይት የሚጠፋበት ሰማይ ላይ ማንሻ የማውረድ ልማድ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

የቬትናሟ ሂዩይና የዘመድ አዝማዶቿ የቤል ሄሊኮፕተሮች አንድ በጎ ጠባይ ነበራቸው፤ ክንፎቻቸው ከባድ ናቸው። ከባድ ክንፍ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው፤ አንዴ ከዞረ ቶሎ አይቆምም። ሞተር ዘግተው መሬት ካረፉ በኋላ ክንፉ ውስጥ በቀረው ጉልበት ብቻ ብድግ አድርገው፣ አዙረው መልሰው የሚያስቀምጡ አሠልጣኞች ነበሩ። ትዕቢት ሊመስል ይችላል፤ ለተማሪው ግን ፍርሃት የሚያስለቅቅ ትምህርት ነው።

የዚህን ሙያ ከፍተኛ ቀን ያሳየው ደግሞ ሠልጣኝ አይደለም። ሰኔ 21 ቀን 1972 ፈረንሳዊው የሙከራ አብራሪ ዣን ቡሌ፣ የማያስፈልጋት ዕቃ ሁሉ የተነቀለላትን ላማ ሄሊኮፕተር ይዞ ወደ 12,442 ሜትር ወጣ። ከዳሸን ራስ በላይ ሌላ ዳሸን ቢደረብ እንኳ አይደርስበትም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 63 ዲግሪ ነበር። ክብረ ወሰኑን ይዞ ለመውረድ ኃይል ሲቀንስ ሞተሩ ጠፋ፤ ሊያስነሣውም አልቻለም። ያን ሁሉ ከፍታ ያለ ሞተር፣ በነፋስ ብቻ ክንፎቹን እያዞረ ወርዶ ኢስትር ላይ በሰላም አረፈ። ለመውጣት ሄዶ የመውረድንም ክብረ ወሰን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ የአሠልጣኙን እጅ የሚያንቀጠቅጥ ዘመን መጣ።

ፍራንክ ሮቢንሰን ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1973 የራሱን ኩባንያ ሲያቋቁም ያሰበው ተራው ሰው ሊገዛት የሚችል ርካሽና ቀላል ሄሊኮፕተር ነበር። አር22 በ1975 በረረች፣ በ1979 ፈቃድ አገኘች። እንደታሰበው የግል መጓጓዣ መሆኗ ቀርቶ ርካሽነቷ ወደ ማሠልጠኛዎች ወሰዳት፤ ብዙ የሲቪል ማሠልጠኛዎችንም ሞላች። ችግሩ ቀላልነቷ ነው። ክንፎቿ ቀላል ስለሆኑ የሚያጠራቅሙት ጉልበት ጥቂት ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ማንሻውን ለማውረድ ያለው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ በታች ነው። በሂዩይ ላይ የተማረ አሠልጣኝ እንደለመደው ድንገት ነዳጅ ሲዘጋ፣ ደንግጦ የሚደርቅ ወይም ማንሻውን ወደ ላይ የሚስብ ሠልጣኝ አጠገቡ ተቀምጦ ይሆናል። ሁለት ሰከንድ ደግሞ ለሁለት ሰው እጅ አይበቃም።

ሮቢንሰን ኩባንያ በ1987 ያወጣው አንድ የደኅንነት ማሳሰቢያ ድንገተኛ የነዳጅ መዝጋት ሊገድል እንደሚችል ገለጸ። ምክሩ ከፎርት ዎልተርስ ልማድ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ሠልጣኙን ከቶ አታስደንግጠው፤ ከደቂቃዎች በፊት ንገረው፤ ነዳጁን በዝግታ አጥፋ እንጂ አትቁረጠው፤ ስታጠፋም ጮክ ብለህ ተናገር ነው ነገሩ። በ1995 የአሜሪካ ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር በሮቢንሰን ሄሊኮፕተሮች ላይ ለሚሠለጥኑና ለሚያሠለጥኑ የተለየ ደንብ አወጣ፤ በኦቶሮቴሽን ላይ ተጨማሪ ልምምድ፣ የሮተር ፍጥነት ሲወርድ ቶሎ የማወቅና የማረም ትምህርት ግዴታ ሆነ። ማስታወቂያ የተነገረለት ብልሽት ምን ብልሽት ነው የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሞተር እውነት ሲጠፋ አስቀድሞ አይናገርምና። ክርክሩ ፍሬ አለው። ነገር ግን ለሙያ የሚከፈለው ዋጋ የተማሪው ሕይወት ሲሆን መንገር ይሻላል።

ያው ኩባንያ ቆይቶ ባወጣው ሌላ ማሳሰቢያ ደግሞ ሳይሸፋፍን፣ እጅግ አልፎ አልፎ ለሚያጋጥም የሞተር ብልሽት ሲለማመዱ በየዓመቱ ብዙ ሄሊኮፕተር እንደሚሰበር አስታወቀ። መፍትሔው 100 ጫማ ላይ የሚደረግ ፍተሻ ነው። የሮተሩ ፍጥነት፣ የሄሊኮፕተሯ ፍጥነት፣ የመውረዷ ልክ፤ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከመስመር ከወጣ ልምምዱን ትቶ ኃይል ሰጥቶ መነሣት። አየሩ የሳሳበት፣ ከ4,000 ጫማ በላይ የሆነ ቦታ ላይ ፍተሻው ወደ 200 ጫማ ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ከ7,000 ጫማ በላይ ናት፤ ለእንደኛ ዓይነቱ ደጋ ይህች የማሳሰቢያ መስመር የግርጌ ማስታወሻ አይደለችም።

በዚህ መንገድ ልምምዱ ራሱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የግል አብራሪነት ፈተና የሚወስድ ሰው ኦቶሮቴሽኑን ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ በሞተር ኃይል ይጨርሰዋል፤ ያለ ሞተር መሬት ነክቶ መጨረስ የሚጠበቀው አሠልጣኝ ሊሆን ከሚያመለክተው ነው። ጦሩም ዘንድ ክርክሩ አልበረደም። በ2010ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ምድር ጦር በአላባማው ፎርት ራከር ላይ ባለ አንድ ሞተሯን ቲኤች-67 በባለ ሁለት ሞተሯ ላኮታ መተካት ጀመረ። በቀድሞዋ ላይ ሠልጣኞች ያለ ሞተር መሬት እየነኩ ይለማመዱ ነበር፤ በላኮታ ግን ያ የሥልጠናው ክፍል አይደለም፤ ሁለት ሞተር አንድ ላይ አይጠፋም የሚል ስሌት አለበት። የባሕር ኃይሉ ደግሞ በጥር 2020 አዲስ ማሠልጠኛ ሲመርጥ ባለ አንድ ሞተሯን ቲኤች-73 ወሰደ፤ በጠቅላላው 130 ለመግዛት አቀደ። ምድር ጦሩም በበኩሉ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ወደ ባለ አንድ ሞተር ማሠልጠኛ ስለ መመለስ ማጥናት ጀምሯል።